በወይራ ጥላ ሥር የቆጠርኩት ፊደል

ላሊበላ ያደገ ልጅ ቋንቋ የሚለቅመው ከመንገድ ነው። «ቦንጆርኖ»ን ከጣሊያኑ፣ «ቦንዡር»ን ከፈረንሳዩ፣ እንግሊዝኛውን ከሁሉም እየቃረመ ነው የሚያድገው። ትምህርት ቤት ሳይገባ በአራት በአምስት ቋንቋ ሰላምታ ይሰጣል፣ «ጫማ ልጠብቅ?» ይላል፣ «ደብተር ግዙልኝ» ይላል። እኔም ከእኩዮቼ የተለየሁ አልነበርኩም። ጃፓንኛ ግን እንዲያ ባለ ጥድፊያ አልመጣልኝም። ቀስ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ እጅ ነሥቶ ነው የመጣው። ለዚህም ይሆናል፣ ሌላው ሁሉ ሲደባለቅብኝ እሱ ከነሽታው ከነድምፁ እስከ ዛሬ ልቤ ላይ ያለው።

ከሰዎቹ በፊት የማውቀው ዕቃቸውን ነበር። አባቴ የቆዳ ልባስ ያላት ናሽናል ሬዲዮ ነበረችው። ባትሪዋ ሲደክም አውጥቶ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ፀሐይ ያሰጣዋል፤ ዶሮ እንዳይጭረው የምጠብቀው እኔ ነኝ። ማታ መልሶ ሲያስገባው ትንሽ ታወራና ትተኛለች። ከጋሸና በኩል አቧራውን አስነሥቶ የሚመጣው መኪና ቶዮታ ነው። አጎቴ ለክብረ በዓል ብቻ የሚያስረው ሰዓት ሴይኮ ነው። «ይኼ ሁሉ ከየት ነው?» ስለው አባቴ «ከጃፓን» ይለኝና ወዲያው ወሬውን ወደ አበበ ቢቂላ ያሻግረዋል። ለሱ ጃፓን ማለት ቶኪዮ፣ ቶኪዮ ማለት አበበ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ወር ከጥቂት ቀን ቢሆነው፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ሌላው ገና መንገድ ላይ ሳለ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የነበረውን ነገር አባቴ ሲተርከው እዚያው ስታዲየም የነበረ ይመስል ነበር። «የኛን ሰው ያከበረ ሕዝብ ነው» ይላል በመጨረሻ። ጃፓኖችን ሳላያቸው የወደድኳቸው በዚህ ነው።

ሳያቸው ደግሞ በእግራቸው በኩል ነው። ያን ጊዜ ቤተ መድኃኔ ዓለም በር ላይ ጫማ እጠብቅ ነበር። ጫማ ጠባቂ የሰውን ጠባይ ከጫማ አወላለቁ ያነባል፤ አንዱ ማሰሪያውን ሳይፈታ በተረከዙ ጨፍልቆ ይወረውረዋል፣ ሌላው አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ ትቶ ይገባል። አንድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ወጥቶ የዕጣኑ ሽታ ገና ከድንጋዩ ሳይለቅ፣ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ስስ ጓንት ያጠለቁ፣ ለፀሐዩ ጃንጥላ የዘረጉ አረጋውያን መጡ። ጫማ አውልቁ የሚላቸው ሰው ሳያስፈልግ ተቀምጠው ፈቱ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ጎንበስ አሉና ጫማቸውን አዙረው፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርገው ጎን ለጎን ደረደሩት፤ ሲወጡ እግራቸውን ብቻ እንዲሰዱበት መሆኑ ነው። ቤታቸው ሲገቡም የሚያደርጉት እንዲሁ እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ያን ዕለት ግን ሰልፉን ፈዝዤ ሳይ ቆየሁ፤ እንዳይበላሽ ብዬ ልነካውም አልደፈርኩም።

ሲወጡ አንዲት እናት፣ ከአያቴ ዕድሜ የማያንሱ፣ ጫማቸውን አጥልቀው ካበቁ በኋላ ወደ እኔ ዞሩና ወገባቸውን አጥፈው እጅ ነሡ። «አሪጋቶ ጎዛይማስ» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ለጫማ ጠባቂ ልጅ እጅ የነሣ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ከልብሳቸው ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ የሚል የቅባት ሽታ ይመጣል። ቃሉን ስደግመው ፊታቸው በራ፤ ጓደኞቻቸው ቀድመዋቸው ሲሄዱ እሳቸው ተመልሰው ቆሙልኝ። መዳፋቸውን ዘርግተው በሌላው እጃቸው ጣት እየመቱ፣ ለአንድ ድምፅ አንድ ምት፣ «አ፣ ሪ፣ ጋ፣ ቶ፣ ኦ» አሉ። እኔም መዳፌን እየመታሁ አልኩ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ይኸው ነው፤ የመማሪያ ክፍሉ የቤተ መድኃኔ ዓለም ደረጃ፣ ጥቁር ሰሌዳው የአንዲት አረጋዊት መዳፍ። ማታ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ በፊደላችን ጻፍኩት። መጨረሻ ላይ ከሚረዝመው «ቶ» በቀር አንድም ድምፅ ሳይጎድል ነው የተጻፈው።

መምህሬ የምላቸው ግን ከዚያ ወዲያ፣ ለገና የመጡ ሰው ናቸው። ሌላው እንግዳ በዓሉን አክብሮ፣ ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ በቤዛ ኵሉ ሲያሸበሽቡ አይቶ በማግስቱ ሲሄድ እሳቸው ቀሩ። ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ። አስጎብኚያቸው «ሴንሴይ በላቸው፣ መምህር ማለት ነው» አለኝ፤ በዚያው ሴንሴይ ሆነው ቀሩ። ቤተ ጊዮርጊስን ቁልቁል ከሚያሳየው ጠርዝ እልፍ ብላ በቆመች አሮጌ ወይራ ጥላ ሥር ታጣፊ መቀመጫ ዘርግተው ሥዕል ይሥላሉ፤ መቀመጫዋን ተሸክሜ የማመላልሰው እኔ ነኝ።

ሴንሴይ ብዙ አይናገሩም ነበር። ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፣ የጥር ነፋስ ደግሞ ከአቡነ ዮሴፍ በኩል ሲወርድ ጆሮ ይቆርጣል። ከትንሽ ቴርሞሳቸው በክዳኑ አረንጓዴ ሻይ ይቀዱልኛል። ስኳር የለበትም። ሽታው ዝናብ የመታው የገብስ ማሳ ነው፤ ሌላ ቃል ፈልጌለት አጥቻለሁ። እናቴ በበኩሏ «ለሽማግሌው ውሰድላቸው» ብላ የገብስ ቆሎ ትቋጥርልኛለች፤ አንዳንዴም ጦስኝ የገባበት ሻይ በጠርሙስ። ሴንሴይ ጦስኙን ከመጠጣታቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸቱታል።

አንድ ቀን ስሜን ጠየቁኝና በሥዕሉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፉት። «ይኼ አንተ ነህ» አሉኝ በእንግሊዝኛ። ብዙ አየሁት። በማግስቱ ደብተር ይዤ መጣሁ። ምንም ሳይሉ ማስመሪያቸውን አውጥተው ገጹን በሙሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፈሉልኝ፤ እርሳሴንም በሰንጢ ቀረጹልኝ። የተቀረጸው እንጨት ሽታ፣ የወይራው ቅጠል ሽታ፣ ከታች ከቤተ ጊዮርጊስ ሽቅብ የሚወጣው የማኅሌት ድምፅ፣ እነዚህ ሦስቱ አሁንም ሲገናኙብኝ እጄ እርሳስ ይፈልጋል።

አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ ብለው ጀመሩ። አምስቱን ጻፍኩ። ቀጥለው ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ ሲሉ ልቤ ዘለለ። ይኼን መንገድ አውቀዋለሁ! ሦስተኛውን መስመር ሳይነግሩኝ በፊት «ሳ» ብለው ሲጀምሩልኝ የቀረውን እኔ ልቀጥል ሞከርኩ። ሴንሴይ እርሳሱን አስቀምጠው ሳቁ፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻን ብቻ የሚነቀንቅ ሳቅ ነበር። እኔ እኮ ፊደል የቆጠርኩት በየኔታ እግር ሥር፣ በስንደዶ እየጠቆምኩ፣ ሀ ሁ ሂ እያልኩ ነው። 33ቱን በሰባት በሰባት ስናባዛ 231 ይሆናል። ከዚያ አቡጊዳው፣ መልእክተ ዮሐንሱ፣ ዳዊቱ ይከተላል። ሂራጋና የሚሉት መሠረቱ 46 ፊደል ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ 46 ፊደል ምን ያስፈራዋል?

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። የኛ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ አንድ ሰውነት ይዘው እጅና እግር ብቻ ይለዋውጣሉ፤ ቤተሰብነታቸው በዓይን ይታያል። የነሱ ካ እና ኪ ግን በመልክ አይተዋወቁም፤ እያንዳንዱን ለብቻው መሸከም ግድ ነው። ይኼን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ብነግራቸው ሴንሴይ ደብተሩን ወደ እኔ ገፉትና የኛን ጻፍልኝ አሉ። ጻፍኩላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት እኔ እማራለሁ፣ ከሰዓት እሳቸው ይማራሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን የኔታ ዘንድ ወሰድኳቸው። የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ሰውየውን በድምፃቸው ነው የተቀበሏቸው። «ይኼ አዲስ ተማሪ ዕድሜው ስንት ነው?» አሉኝ። ስነግራቸው «ከኔ ይበልጣሉ እንዴ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ብለው የራሳቸውን አጎዛ አነጠፉላቸው። ሴንሴይ ጫማቸውን አውልቀው፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙረው፣ ከሕፃናቱ ጋር ተቀመጡ። የጭስ፣ የቆዳና የሕፃናት ላብ ሽታ ባለበት ጎጆ ውስጥ «ሀ» ሲባል «ሀ»፣ «ሁ» ሲባል «ሁ» እያሉ ከልጆቹ እኩል ጮኹ። ከጎናቸው የነበረው ትንሽ ቆሎ ተማሪ ከአኮፋዳው በሶ አውጥቶ ቆርሶ ሰጣቸው። ተቀበሉት በሁለት እጃቸው። የኔታ ሲሰናበቷቸው «እኒህ ሰው ለልጅ የሚታገሡ መምህር ናቸው፤ ድምፃቸው ይናገራል» አሉኝ። በምን እንዳወቁ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ስለ ቋንቋው ራሱ ትንሽ ላውጋችሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ልቤ አይቆምም። እንግሊዝኛ ስማር ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ መገልበጥ ነበረብኝ፤ «ውሃ እጠጣለሁ» ለማለት መጠጣቱን አስቀድሞ ውሃውን ማስከተል። ጃፓንኛ ላይ «ሚዙ ኦ ኖሚማስ» ሲሉኝ ውሃው ከፊት፣ መጠጣቱ ከኋላ፣ እንደኛው ተቀምጧል። ማን፣ የት፣ ምን ተብሎ ተብሎ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሌላው እንግዳ ይኼን ሲማር ይጨነቃል አሉ፤ እስከ ዐረፍተ ነገሩ ማለቂያ መጠበቅ ይከብደዋል። እኔ መጠበቅን ከእናቴ ጨዋታ ለምጄዋለሁ። አንተንና እርስዎን የለየ ጆሮም ለታላቅ የሚነገረው ለታናሽ ከሚነገረው እንደሚለይ ሲነግሩት አይደናገርም። የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅም ለኛ እንግዳ አይደለም፤ «አለ»ን ሁለት ዓይነት ስንል ነው ያደግነው።

የከበደኝ የሚረዝመው ድምፅ ነበር። አንዳንዱ «ኦ» ሁለት ምት ይፈጃል፤ ካላስረዘሙት ነገሩ ሌላ ይሆናል። በኛ አጻጻፍ ደግሞ ማስረዘሚያ የለም። ማታ ደብተሬን ይዤ ሳስብ የዜማው ምልክት ትዝ አለኝ፤ ደብተራዎቹ ከፊደሉ ራስ ላይ የሚያኖሩት ይዘቱ፣ ሒደቱ፣ ርክርኩ። ሒደትን መርጬ በሚረዝመው ፊደል ላይ ጣል አደረግሁበት። በማግስቱ ሳነበው ድምፁ ልኩን መታ። ሴንሴይ ምልክቷን በጣታቸው ነክተው «ይኼ ምንድን ነው?» ሲሉ ወደ ቤተ ማርያም ወስጄ ማኅሌት አስደመጥኳቸው። ከዚያ በኋላ እሳቸውም ሲጽፉልኝ ሒደት ይጠቀሙ ጀመር። በጃፓን ፊደል ላይ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት ያረፈበት ደብተር እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ሊሄዱ ሲሉ ቤት ጠራናቸው። አያቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ እንዳየቻቸው ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች። ሴንሴይም ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። አያቴ ከእንግዳ ቀድማ ቀና አትልምና እንደገና ዝቅ አለች፤ እሳቸውም እንደገና። እናቴ ቡናውን እየቆላች ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጤሶ፣ አቦሉን ቶናውን በረካውን ሳይቸኩሉ ጠጡ። አያቴ አንዲትም ቃል ሳትገባቸው የጤና፣ የዝናብ፣ የልጅ ነገር ታጫውታቸዋለች፤ እሳቸው በየመሀሉ «ሃይ፣ ሃይ» ይላሉ። «እንዴት ያለ ጆሮ ያለው ሰው ነው!» አለች ሲሄዱ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ካርድ ይልኩልኝ ነበር። ጃፓኖች ለአዲስ ዓመታቸው ካርድ መላላክ ትልቅ ወግ ነው፤ እያንዳንዱ ዓመት የራሱ እንስሳ አለው፣ የበግ፣ የዝንጀሮ፣ የዶሮ ሥዕል ይሆንበታል። የነሱ አዲስ ዓመት ከገናችን በፊት ስለሚውል ካርዱ በወልዲያ በኩል ዞሮ ዞሮ ላሊበላ ሲደርስ ወይ ገና ነው ወይ ጥምቀት። ዓመተ ምሕረቱን የሚጽፉት በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ነው፤ ያን ጊዜ ሄይሴይ ብለው ከንግሡ ጀምረው ይቆጥሩ ነበር፤ የኛ ዜና መዋዕሎች «በነገሠ በዚህን ያህል ዓመት» እንደሚሉት። አንድ ገና ካርዱ አልመጣም። ጥምቀትም አለፈ። ዕድሜያቸውን አውቅ ነበርና ለማንም አልጻፍኩም፤ ቤተ ማርያም ሄጄ ሻማ አበራሁ።

አድጌ አስጎብኚ ስሆን ቋንቋው እንጀራ ሆነልኝ። ያኔ ጃፓናውያን በቡድን በቡድን የሚመጡበት ዘመን ነበር። «ራሪቤራ» ሲሉ፣ የኛን ለ በነሱ ረ ለውጠው፣ ከተማዬ አዲስ ስም ያወጣች ይመስለኛል። የምወደው ሥራ ግን ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚያሳልፈው ጨለማ ዋሻ መምራት ነው፤ ሲኦል የምንለውን። መብራት አጥፍተን ነው የምናልፈው፤ ቀኝ እጅ ግድግዳ ላይ፣ ሌላው እጅ ከፊት ያለው ሰው ትከሻ ላይ። ዓይን በማያገለግልበት ቦታ ያለኝ መሪ ቋንቋዬ ብቻ ነው። «ሚጊ» እላለሁ ቀኝ፣ «ሂዳሪ» እላለሁ ግራ፣ «አታማ» እላለሁ ጭንቅላት እንዳይመታ። ከኋላዬ ሰው ለሰው እየተቀባበለ «አታማ፣ አታማ» ይላል፤ የመጨረሻው ሰው ዘንድ ሲደርስ ቃሉ ሹክሹክታ ሆኗል። ወደ ብርሃን ስንወጣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ እጄን ይዞ ይቆያል። በሕይወቴ ጃፓንኛን በደንብ ተናግሬያለሁ የምለው እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው።

ከነዚያ ዓመታት እንግዶች ጋር ያሳለፍኳቸው ሁለት ምሽቶች አይረሱኝም። አንደኛው በብሩሽ ከምትጽፍ ሴት ጋር የነበረው ነው። ካንጂ የሚሉት ፊደል ለዕለት ተዕለት ኑሮ በይፋ የተመደበው ብቻ 2,136 ነው፤ እሷ እያንዳንዱን ጭረት በየትኛው ተራ መሳብ እንደሚገባ ስታሳየኝ ትንፋሽዋን ይዛ ነው። ወደ አንድ የቁም ጸሐፊ ቤት ወሰድኳት። ጸሐፊው ቀለማቸውን ከጥላሸትና ከቆሉት ገብስ አዋሕደው ወራት አቆይተው ነው የሚያወጡት። እሷም ከቦርሳዋ የደረቀ ቀለም አውጥታ በውሃ ፈተገችው፤ የሱም መነሻ ጥላሸት ነው። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው፣ እሳቸው በመቃ ብርዕ እሷ በብሩሽ፣ አንዱ የሌላውን ቀለም እያሸተተ እስኪመሽ ጻፉ። አስተርጓሚ ሆኜ ነበር የሄድኩት፤ ከሰላምታው በኋላ የፈለገኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም በደስታ ዝም አልኩ።

ሁለተኛው የጠጅ ቤት ምሽት ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን በአምባሰል ሲቃኝ ከእንግዶቹ አንደኛው፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ ብርሌውን አስቀምጦ ማንጎራጎር ጀመረ። አዝማሪው ፈጠን ብሎ ተከተለው። ኋላ ሰውየው እንደነገረኝ ሚያኮ ቡሺ የሚሉት የሀገራቸው ቅኝትና አምባሰል አምስቱም ድምፃቸው አንድ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ያፈለቀ የወሎ ልጅ ይኼን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ወሎዬ የሆነ ያውቀዋል። ያን ሌሊት ቤቱ ሳይዘጋ ነው የነጋው።

ካደግሁ በኋላ ደግሞ ይኼ መዋደድ በኔ እንዳልጀመረ ከመጽሐፍ አገኘሁ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ባሕር አቋርጠው ጃፓን ሄደዋል፤ ሲመለሱም ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከዚያ በፊት በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሲያረቅቁ አብነት ያደረጉት የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። ኅሩይን ሳነብ የሚታየኝ ሚኒስትሩ አይደሉም፤ በማያውቁት ሀገር ሰው ሲያከብራቸው የተደነቁ፣ ያዩትን ሁሉ ለሀገራቸው ለማካፈል የቸኮሉ አባት ናቸው። ሴንሴይ በሕይወት ቢኖሩ ይኼን መጽሐፍ ቁጭ ብዬ ባነበብኩላቸው ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

አሁን ላሊበላ ሌላ ናት። መጀመሪያ ኮሮና መጣ። ከዚያ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ድረስ ገባ፤ ከዚያም ወዲህ መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አብሮኝ ይመራ የነበረው ጓደኛዬ አዲስ አበባ ገብቶ ሹፌር ሆኗል። ሌላው የአባቱን ማሳ ያርሳል፤ ጥሩ ጣሊያንኛ ነበረው። ገና ሲመጣ የላስታው ምእመን ከየአቅጣጫው በእግሩ ይገባል፤ ነጠላው እንደ ድሮው ገደሉን ያለብሰዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነጭ ባርኔጣ ያደረጉት አረጋውያን ግን የሉም። ቋንቋ ሰው ይፈልጋል። ለብቻዬ ስሆን ወደ አሸተን ማርያም ሽቅብ ስወጣ ደረጃውን በጃፓንኛ እቆጥራለሁ፤ «ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን…» እያልኩ። የሚያገኙኝ ገበሬዎች ጸሎት መስሏቸው ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፤ እኔም ዝቅ ብዬ እጅ እነሣቸዋለሁ።

ዘንድሮ ግን ደጄን አንዲት ልጅ አንኳኳች። የጎረቤት ልጅ ናት፣ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። ከስልኳ ላይ በካርቱን ፊልም ጃፓንኛ ለምዳ ኖሯል። «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ አሉኝ፤ ያስተምሩኝ» አለች። አነጋገሯ ፈጣን ነው፣ የወጣቶቹ ነው፤ እኔ የማላውቃቸውን ቃላት ታውቃለች። ፊደሉን ግን አልጻፈችም። በማስመሪያ ገጹን ከፋፈልኩላት፣ እርሳሷን ቀረጽኩላት፣ አ ኢ ኡ ኤ ኦ አልን። ካ ላይ ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ ይኼማ የኛው አቆጣጠር ነው!» አለች። አሁን ከሰንበት ትምህርት ቤት በኋላ ትመጣለች። አባቷ አንዳንዴ ማር ይልክልኛል፣ ያን ነጭ የላስታ ማር።

ለመጪው ገና ጥቂት ጃፓናውያን ሊመጡ አስበዋል የሚል ወሬ አለ። መንገዱ ከፈቀደ ማለት ነው። ልጅቷ ሰምታ ሌሊቱን አልተኛችም። ዋሻው ውስጥ እሷ ከፊት ሆና እንድትመራቸው ተስማምተናል፤ እኔ ከኋላ እሆናለሁ። ትላንት ያለ እንግዳ ገብተን ተለማመድን። «ሚጊ» አለች፣ «ሂዳሪ» አለች፤ ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። «አታማ» ያለችው ግን ጣሪያው ዝቅ ከሚልበት ቦታ አልፋ ነው። አስቆምኳትና «ከመድረሳቸው በፊት ተናገሪ፣ ሽማግሌዎች ናቸው፣ አንገታቸውን ለማጎንበስ ጊዜ ይፈልጋሉ» አልኳት። «እሺ ጋሼ» አለችና ተመልሰን ከመግቢያው ጀመርን።